ፊቱ ዳና 60 የሆነ ጂፕ፣ ኋላውስ? ሰኞ ለሙከራ ለሚገባው ወንድሜ

ወንድሜ፣ መልእክትህን በደንብ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ላንድክሩዘር ስትጠግን ቆይተህ አሁን አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነህ፣ ለጊዜው መጋዘን ትሠራለህ። ጂፖችን ለድንጋይና ለተራራ መንገድ የሚያሻሽል ጋራዥ ለሙከራ ጠራህ። ባለቤቱም የቤት ሥራ ሰጠህ። የ2005 ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ነው፣ የፊት አክስሉ (ዲፈረንሻሉንና ጎማ የሚያዞሩትን ሻፍቶች የያዘው ክፍል) ወጥቶ የ2005 ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ፣ ማለትም የከባድ ፒክአፕ፣ ዳና 60 አክስል ገብቶለታል፣ 40 ኢንች ጎማ ሊታሰርለት ነው፣ ኋላው ግን እስካሁን የፋብሪካው ዳና 44 ነው፣ ከ60ው የሚያንስ አክስል። «ኋላውን ምን እናድርገው? ሰኞ ንገረኝ» አለህ። አንተ ደግሞ ሁለት ነገር ትጠይቀኛለህ፦ ጠንካራ የሚባለውን ስም ብጠራ ይበቃል ወይ፣ የአገር ቤት ልምዴንስ ላንሳው ወይስ ዝም ልበል።

ስም ብቻ አይበቃም። የአክስል ስም ማንም ስልኩን ከፍቶ ያገኛል። ሰውየው ማየት የፈለገው ፊትና ኋላን እንደ አንድ መኪና ታስባለህ ወይስ እንደ ሁለት ዕቃ የሚለውን ነው። የተሳሳተ አክስል ከተገዛ በኋላ አክስሉን የሚይዘው ቅንፍ ተበይዶ፣ ማርሹ ታዝዞ፣ ካርዳን ሻፍቱ (ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ተቆርጦ ነው ስህተቱ የሚታየው። ያኔ ኪሳራው የጋራዡ ነው። ስለዚህ ሰኞ ይዘህ የምትገባው አንድ ስም ሳይሆን ወደዚያ ስም ያደረሰህ መንገድ ይሁን።

መጀመሪያ ኋላው ለምን እንደሚቀየር አስረዳ። ብዙ ሰው ቶሎ የሚቀይረው ፊቱን ነው፤ መሪ ተጠምዝዞ ጋዝ ሲሰጥ ክሮቸራው (የሻፍቱ መታጠፊያ መስቀል) ወይም ሻፍቱ ስለሚሰበር። ግን ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሚገፋውም ኋላው ነው። ሒሳቡን በወረቀት ሥራለት። የዚያ ጂፕ 4.0 ሊትር ሞተር 235 ፉት ፓውንድ ገደማ የመጠምዘዝ ጉልበት አለው። የባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ አንደኛ 4.46 ነው፣ ሪዱታው (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈር ኬዝ ዝቅተኛ ማርሽ) 4 ለ 1፣ ዲፈረንሻሉ 4.10። ሦስቱን ስታባዛ 73 ይመጣል። ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት 73 ጊዜ ተባዝቶ ወደ ጎማ ይደርሳል ማለት ነው። አሁን 30.5 ኢንች የነበረው ጎማ 40 ሲሆን መኪናው የድሮ አቅሙን እንዲያገኝ የዲፈረንሻሉ ቁጥር በዚያው ልክ ማደግ አለበት፦ 40 ለ 30.5 ሲካፈል 1.31፣ በ4.10 ሲባዛ 5.38 ገደማ። በ5.38 ደግሞ አጠቃላይ ብዜቱ 96 ይደርሳል። ባለ 40 ኢንች ጎማ ድንጋይ ነክሶ ሲይዝ ያ ሁሉ ጉልበት ማምለጫ የለውም፣ ዳና 44ቱ ባለ 30 ጥርስ ሻፍት ላይ ያርፋል። ይህን በቁጥር ያሳየ ሰው «ጠንካራ ይሻላል» ካለው ሰው በምን እንደሚለይ ባለቤቱ ወዲያው ይገባዋል።

ቀጥሎ የምትመርጠውን ተናገር። እኔ ብሆን ከዚያው ከሱፐር ዲዩቲው የወጣውን የኋላ አክስል፣ ስተርሊንግ 10.5ን እላለሁ። ኮሮናው (የዲፈረንሻሉ ትልቁ ጥርስ) 10.5 ኢንች ነው፣ ሻፍቱ ባለ 35 ጥርስ፣ ፍሬኑ ከፋብሪካው ዲስክ። ከሁሉ በላይ ግን ፊትና ኋላው ለአንድ መኪና የተሠሩ ስለሆኑ የቸርኬ ቡሎኑ አንድ ነው። ስምንት ቡሎን በ170 ሚሊሜትር ክብ ላይ።

እዚህ ላይ ቆም በል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባለቤቱ «ለምን የጄኔራል ሞተርስን 14 ቦልት አክስል አናደርግም?» ሊልህ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። 14 ቦልት እጅግ ጠንካራ ነው፣ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) በሦስት ኩሽኔታ የተያዘ ነው፣ ኮሮናው እሱም 10.5 ኢንች ነው። ስምንት ቡሎንም አለው። ግን የእሱ ስምንት ቡሎን ያለው በ6.5 ኢንች ክብ ላይ ነው፣ ማለትም 165.1 ሚሊሜትር። ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር አይሞላም፣ በዓይን አይታይም፣ ቸርኬው ግን አይገባም። ፊቱ በ170፣ ኋላው በ165.1 ሆኖ የሄደ መኪና አንድ መለዋወጫ ጎማ ለአራቱም አይሆነውም፣ ዩታ ሞአብ ድንጋይ መሃል ጎማ ሲቀደድ ይህ ትልቅ ችግር ነው። ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበትን ክፍል) መቀየር ወይም እንደገና መብሳት ይቻላል፣ ግን ያ ተጨማሪ ሥራና ተጨማሪ ወጪ መሆኑን ንገረው። 14 ቦልት ሆዱም ወደ ታች ይወርዳል፣ ድንጋይ ይመታዋል፣ ብዙዎች ታችኛውን ክፍል ቆርጠው ያሳጥሩታል። ፊቱ የቡሎን ክቡ 6.5 ኢንች የሆነ የድሮ ዳና 60 ቢሆን ኖሮ ግን መልሴ ይገለበጥ ነበር፣ ያኔ 14 ቦልትን ነበር የማስቀድመው።

ፎርድ 9 ኢንችንም ያነሳብህ ይሆናል። ጥሩ አክስል ነው፣ ቤቱ ከብረት ላሜራ የተሠራ ስለሆነ ብየዳ ይቀበላል፣ ዲፈረንሻሉም በሙሉ ወደ ፊት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ግን ፒኞኑ ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው፣ በአጭር ጂፕ ላይ ካርዳን ሻፍቱን የበለጠ ያጋድለዋል። ለቀላል መኪና ተወው።

የዲፈረንሻሉን የማርሽ ቁጥር ነገር ሳታነሳ እንዳትወጣ። ፊትና ኋላ እኩል መሆን አለባቸው። 4.10 ከ4.11 ጋር ችግር የለውም። ፊቱ 4.10 ሆኖ ኋላው 4.56 ቢሆን ግን ልዩነቱ 11 በመቶ ነው። አራቱም ጎማ ሲያያዝ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ትራንስፈር ኬዙ ይታነቃል፣ ደረቅ መሬት ላይ የሆነ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ አክስሉ ከመገዛቱ በፊት የፊቱን ክዳን ከፍቶ የኮሮናውንና የፒኞኑን ጥርስ መቁጠር፣ 5.38ም ለሁለቱም የሚገኝ መሆኑን ከዕቃ ሻጩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከአሮጌ መኪና በወጣ አክስል ላይ የተንጠለጠለውን ምልክት አትመን፣ የቀድሞው ባለቤት ማርሹን ቀይሮት ይሆናል።

ስፋቱን በሜትር ለካ፣ ቸርኬው ከሚያርፍበት እስከ ቸርኬው ማረፊያ። ኋላው ከፊቱ በትንሹ ቢጠብ ምንም አይደለም፣ ከፋብሪካውም እንደዚያ የሚመጣ አለ። ከዚያ የፒኞኑ አቅጣጫ። ይህ ጂፕ በፊትና በኋላ ጎማው መሃል 93.4 ኢንች ብቻ ነው ያለው፣ የኋላ ካርዳን ሻፍቱ አጭር ነው፣ ትልቅ ዲፈረንሻል ደግሞ ፒኞኑ ወደ ፊት ረዝሞ ያንኑ አጭር ሻፍት የበለጠ ያሳጥረዋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አክስሉን ጥቂት ኢንች ወደ ኋላ የሚገፉት። ከትራንስፈር ኬዙ በኩል ድርብ ክሮቸራ ያለው ሻፍት ከገባ ፒኞኑ በቀጥታ ወደ ትራንስፈር ኬዙ መውጫ እንዲያይ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ጋዝ ሲሰጥ ራሱ ቀና ይላልና። ይህ ሳይለካ ቅንፍ አይበየድም። ፍሬኑንም አንሳ። የሱፐር ዲዩቲ ካሊፐር (የዲስክ ፍሬኑ መጨበጫ) ትልቅ ስለሆነ የጂፑ ማስተር ሲሊንደር የሚልከው ዘይት ላይበቃው ይችላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የአገር ቤት ልምድህን ለምን ትደብቃለህ? ሰባ ሲሪስ ላንድክሩዘር ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህ። የዚያ መኪና የኋላ አክስል ፉል ፍሎቲንግ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቤቱና ሞዞው ነው፣ ሻፍቱ የሚሠራው መጠምዘዝ ብቻ ነው። ሻፍት ቢሰበር ጎማው ይቀመጣል፣ ሻፍቱን ስበህ አውጥተህ በፊቱ እየነዳህ ትገባለህ። ስተርሊንግ 10.5ም፣ 14 ቦልቱም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። የፋብሪካው ዳና 44 ግን አይደለም። ስለዚህ «ይህን ዓይነት አክስል ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ የሞዞ ኩሽኔታ ቀይሬያለሁ፣ ኮሮናና ፒኞን በስፔሶር አስተካክዬ የጥርሱን አሻራ በቀለም አይቻለሁ» በል፣ እውነት እስከሆነ ድረስ። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ አስቀድመህ ጽፈህ ጮክ ብለህ ተለማመዳቸው። ያላደረግከውን ግን አትጨምር፤ ለምሳሌ ብየዳ ላይ ገና ከሆንክ ገና ነኝ በል። የአክስል ቤት ብየዳ ቱቦው ብረት፣ መሃሉ ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) በሚሆንበት ጊዜ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ማንም ጀማሪ ላይ አይጥለውም።

ስለ ወረቀት ከጠየቁህ፣ አሜሪካ ውስጥ መካኒክ የሚፈተነው በኤ ኤስ ኢ (ASE) ነው፣ ለመካኒኮች የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ፣ ከ1972 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። ሁሉንም ፈተና ባንዴ አትሩጥ። ለዚህ ሥራ የሚቀርብህ ኤ3 ነው፣ ማኑዋል ካምቢዮና አክስል የሚፈትነው። ከዚያ ኤ4፣ መሪና ሰስፔንሽን። ሙሉ ሰርተፊኬት ለማግኘት ከፈተናው ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ ትምህርት ካለ አንዱ ዓመት ይቀነሳል፣ በየአምስት ዓመቱም ይታደሳል። ፈተናውን ግን ልምዱ ከመሙላቱ በፊት መውሰድ ትችላለህ፣ ውሰደው።

ክፍያ ላይ ደግሞ አትፈር። ሙከራ ቢሆንም የሠራኸው ሥራ ይከፈልበታል፣ «ሳምንቱን በነፃ እየኝ» አትበል። ከተቀጠርክ በሰዓት መከፈልን ጠይቅ። ብዙ ጋራዦች በሥራ ቁራጭ ይከፍላሉ፣ የሥራ ሰዓት የሚተምነው መጽሐፍ ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዓት ካለ ስምንት ሰዓት ቢፈጅብህም የምታገኘው የሦስቱን ነው። የፋብሪካ መኪና ላይ የለመደ ሰው ያተርፍበታል። አንተ የምትገባበት ቦታ ግን እያንዳንዱ ጂፕ ለብቻው የሚታሰብ ነው፣ የፎርድ አክስል ከጂፕ ሥር ለማስገባት የተጻፈ ሰዓት የለም።

መሣሪያም ጠይቅ። እዚህ መካኒክ የእጅ መሣሪያውን ራሱ ነው የሚገዛው፣ ጋራዥ በር ድረስ እየመጡ በዱቤ የሚሸጡ መኪናዎች አሉ፣ ብዙ ወጣት ደመወዙን እዚያ ጨርሶታል። ቁልፍና ሶኬት ያለህን ይዘህ ግባ። የማርሽ ክፍተት መለኪያ ዳያል፣ በኢንች ፓውንድ የሚያነብ ቶርክ መፍቻ፣ የኩሽኔታ መንቀያ የመሳሰለውን ጋራዡ ያቀርብ እንደሆነ ሰኞ ጠይቀህ እወቅ፤ አያቀርብም ካሉህ የሰዓት ክፍያህን ስትነጋገር ያንን አስገብተህ ተነጋገር።