ክሩን ያወጣው ማን ነው?

ከጎንደር፣ ከማራኪ የጻፍሽልኝ የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፣ ጥያቄሽ ይኸው ነው። ካንዲዳን በመሳሰሉ በሽታ አምጪ እርሾዎች ላይ የሠራሽውን የመመረቂያ ጥናት ለቤተሰብ በአማርኛ አሳጥረሽ ስትጽፊ «ቱፕ1 የተባለው ጂን ሲሰረዝ ክር ያወጣል» አልሽ፤ ክር ያልሽው የእርሾው ሴሎች ረዝመው የሚይዙትን ቅርጽ ነው። ወንድምሽ «ጂን ክር ያወጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሰዋስዉ ምኑ ላይ ተበላሸ?

ሰዋስዉ ደህና ነው፣ ወንድምሽም ልክ ነው። «ያወጣል» የሚለው ግስ ባለቤቱን ውስጡ ይዞታል፤ ጂኑም «እሱ»፣ እርሾውም «እሱ»። አንባቢ ደግሞ ቅርብ ያገኘውን ይይዛልና ክሩን ለቱፕ1 ሰጥቶ ያልፋል፣ ያውም ለተሰረዘ ጂን! አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ግን ግልባጩን ነው። ካንዲዳ አልቢካንስ በተባለው በዚህ እርሾ ውስጥ ቱፕ1 ክር እንዳይወጣ የሚያግድ ጂን ነው፤ እሱ ሲነሳ እርሾው ከልካይ ያጣል፣ ክር ብቻ ሆኖ ያድጋል። በወሬ «ጂኗ ስትሰረዝ ክር ያወጣል» ብትዪ ይለይልሽ ነበር፣ ጽሑፍ ላይ ግን አይሄድም። «እርሾው» የምትለዋን ቃል አትሰስቻት። አንድ ጊዜ ደግሞ «ካንዲዳ የሚባለው እርሾ» በይ፣ ጎንደር ላይ እርሾ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሊጡን ነው።

ስለ ሌላው ጂን፣ ስለ ሆግ1፣ «ሆግ1 ጭንቀትን ይቋቋማል» ያልሽውም ያው በሽታ አለበት። የሚቋቋመው እርሾው ነው፣ ሆግ1 መከላከያውን ይቀሰቅስለታል እንጂ። ለማስተካከል ብለሽ ደግሞ «ያቋቁማል» እንዳትዪ፣ እሱ ድርጅት ለማቋቋም ነው። «ጭንቀት»ንም ለፈተና ሰሞን ተዪው። ጨው ከሆነ ጨው፣ ሙቀት ከሆነ ሙቀት በይ።

እኔ ብሆን እርሾውን ገና ከመነሻው ባለቤት አደርገዋለሁ። «ሆግ1 የሌለው ካንዲዳ ጨው ሲበዛበት ይጎዳል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አይችልም፣ ክር ግን ያበዛል፤ እንዲያም ሆኖ አይጥ ላይ ሲሞከር በሽታ የማስያዝ ጉልበቱ ደካማ ነው።» አየሽ፣ አራት ግስ ተደርድሮ ባለቤቱ አልጠፋም። ክር ማብዛት ብቻውን አደገኛ እንደማያደርግም አንባቢሽ ሳይደናገር ያገኘዋል። ክሪፕቶኮከስ በሚባለው ሌላ በሽታ አምጪ እርሾ ላይም እንዲሁ አድርጊ፦ «ካልሲኒዩሪን የሚባለው ኢንዛይም የሌለው ክሪፕቶኮከስ 37 ዲግሪ ላይ አያድግም።» 37 የሰውነታችን ሙቀት መሆኑን ጨምሪበት፣ አለዚያ ወንድምሽ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።