ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። የልጇን ክርስትና በአይፎን ቀርጻ በፍላሽ ላከችልኝ። የቲቪዬ ካርቶን ላይ «በዩኤስቢ ቪዲዮ ያጫውታል» ተብሎ ተጽፏል። ፍላሹን ስሰካው ዝማሬው ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የጎረቤት ልጅ የፋይሉን ስም ከኤምኦቪ ወደ ኤምፒፎር ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። ቲቪው ተበላሽቶ ይሆን?
አያት ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ያሳድግልዎት። ቲቪዎ አልተበላሸም። ፋይሉም ደህና ነው።

ኤምኦቪና ኤምፒፎር የማሸጊያው ስም ናቸው። ውስጡ ምስሉም ድምፁም በየራሳቸው ዘዴ ተጨምቀው ነው የሚቀመጡት። ዘዴው ኮዴክ ይባላል። ቲቪዎ የድምፁን ኮዴክ ያውቀዋል፣ የምስሉን ግን አያውቀውም። የፋይሉን ስም መቀየር በበርበሬ ጣሳ ላይ ስኳር ብሎ እንደመጻፍ ነው።

አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. አይኦኤስ 11 የተባለውን የአይፎን ሲስተም ሲያወጣ በጊዜው አዲስ የነበሩት አይፎኖች በኤች 265 መቅረጽ ጀመሩ። ይህ ኮዴክ ለተመሳሳይ ጥራት ከቀድሞው ኮዴክ ከኤች 264 ግማሽ ያህል ቦታ ይበቃዋል። ብዙ የቆዩ ቲቪዎች ቺፕ ግን ኤች 264ን እንጂ ኤች 265ን አይፈታም። ቺፑ ካልቻለ ደግሞ አፕዴት ብዙም አያድነውም።

«ቪዲዮ ያጫውታል» ብሎ የቱን ቪዲዮ እንደሆነ አለመናገር ገዢን ማጉላላት ነው፤ ይህ ያናድደኛል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው የመጀመሪያው አፕል ቲቪ (ከቲቪ ጋር የሚገናኝ የአፕል ማጫወቻ ሳጥን) እንኳ ያኔ በየኮምፒውተሩ ሞልቶ የነበረውን ኤቪአይ የተባለ የቪዲዮ ፋይል አያጫውትም ነበር። እውነተኛው ዝርዝር ያለው ማኑዋሉ ውስጥ ካለው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ቲቪ ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን ፍላሽ ይያዙ። ሳይከፍሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ያስከፍቱት።

ዛሬውኑ ማየት ከፈለጉ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ያለበት ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር ያገናኙ። በፍላሽ ማየት ካሰኘዎት ደግሞ የጎረቤትዎ ልጅ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዶ ወደ ኤች 264 ይቀይርልዎት። አደራ፣ ዋናው ፋይል እንዳይጠፋ! በተቀየረ ቁጥር ጥራቱ በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሳል።

ለወደፊቱ ልጅዎ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ ገብታ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ትምረጥ፤ ያኔ ስልኳ በኤች 264 ይቀርጻል። ፍላሹ ኤፍኤቲ32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ረጅሙን ቪዲዮ ከፋፍላ ትላክልዎት።