«አዋጁ እንዲህ ማለት ነው» ሲሏችሁ፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ክረምት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፣ የደሴ ጉም ደግሞ ከቤት አላስወጣ ብሏል። ጠበቃ ነኝና መሥሪያ ቤት ሕጉን በራሱ መንገድ ሲተረጉምባችሁ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አዋጁን በራሱ መንገድ ተርጉሞ ፈቃድ ከለከለኝ። በቃ?

አብሽሪ እህቴ፣ አልበቃም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለዚሁ የወጣ ነው። መጀመሪያ ግን እዚያው ቅሬታ አቅርቢ፤ ያን ሳትጨርሺ ክስ ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል። ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ አምጪ። ደንበኞቼ የሚያቃጥሉኝ እዚህ ላይ ነው፤ «አይሆንም አሉኝ» ብለው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ።

«የውስጥ መመሪያ አለ» ይሉናል፣ አያሳዩንም።

ቁጥሩን ጠይቋቸው። በአዋጁ መሠረት መመሪያ ረቂቁ ለአስተያየት ይቀርባል፣ ይመዘገባል፣ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ከአዋጁ አልፎ ከሄደም ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

ዳኛው ስለ መድኃኒት ወይ ስለ ባንክ ምን ያውቃል? ባለሙያውን ቢሰማ አይሻልም?

ይቺን ወደድኳት። አሜሪካኖች 40 ዓመት የኖሩት እንዳንተ አስበው ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሼቭሮን በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው «ሕጉ ግልጽ ካልሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱም ትርጉም ምክንያታዊ ከሆነ፣ ዳኛው ይቀበለው» አለ። ከዚያ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች መጡ። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ መርከባችሁ ላይ ተሳፍሮ ማስገሩን ለሚከታተለው ታዛቢ ራሳችሁ ክፈሉ ብሏቸዋል፣ ሕጉ ግን እነሱን ክፈሉ ብሎ በግልጽ አይናገርም። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ያንን የሼቭሮን ውሳኔ ሻረ፤ ሕግ መተርጎም የዳኛ ሥራ ነው፣ የባለሙያውን ሐሳብ ግን ይስማ፣ አለ። ዳኛ ኬገን በልዩነት ሐሳባቸው አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ፍርድ ቤቱ የባለሙያውን ሥልጣን ወሰደ ነው የሚሉት። እኔ ግን ከአስጋሪዎቹ ጋር ነኝ። ባሕሩ ውስጥ ስንት ዓሣ እንደቀረ ባለሙያው ይንገረን፤ ማን ይክፈል የሚለውን ግን ምን አገባው?

ያ እኛ ጋ ይሠራል?

አይሠራም። እኛን የሚያስረን የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው) የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ነው።

ከሐይቅ፦ ወረዳው መሬቴን በተመለከተ የወሰነብኝስ?

ወንድሜ፣ ወረዳ የክልል ነው፣ 1183 ደግሞ የፌዴራል። ያንተን የሚገዛው የክልሉ የመሬት ሕግ ነው። ውሳኔውን ፎቶ አንሳና፣ ስምህን ሸፍነህ ላክልኝ፤ ቀኑ ግን ይታይ፣ የይግባኝ ጊዜ እንዳያልፍብህ።