ክራርና ማሲንቆ ይዞ መብረር

ጥያቄ፦ በጥር ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዚያ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በረራ ወደ ሚኒያፖሊስ እሄዳለሁ። ክራሬንና ማሲንቆዬን በእጄ ይዤ መግባት እፈልጋለሁ። ወንድሜ «ሕግ ስላለ ሊከለክሉሽ አይችሉም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሕጉ አለ፤ የሚያገለግልዎት ግን ከዋሽንግተን በኋላ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የሚያስገድደው የአሜሪካን አየር መንገዶች ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚያስገቡልዎት በሚሳፈሩበት ሰዓት ከራስ በላይ ባለው ማስቀመጫ ወይም ከወንበር ሥር ቦታ ካለ ነው። የሌላ ሰው ሻንጣ ቀድሞ ከሞላው አውጥተው ቦታ አይሰጡዎትም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይሳፈሩ።

መሣሪያው እንደ አንድ የእጅ ሻንጣ ይቆጠራል። ሁለት መያዣ ይዘው ከመጡ አንዱን ከታች ሊያስጭኑዎት ይችላሉ። ሁለቱን በአንድ መያዣ ማድረግ ካልተቻለ ማሲንቆው ከእርስዎ ጋር ይግባ፤ ረጅም አንገቱ በቀላሉ ይሰበራል።

ከአዲስ አበባ በሚነሳው በረራ የሚሠራው የአየር መንገዱ የራሱ ደንብ ነው። ብዙዎቹ ለእጅ ሻንጣ 7 ኪሎና 55 ሳንቲሜትር ርዝመት ይፈቅዳሉ። ክብደቱ አያሳስብዎት፤ ችግሩ የማሲንቆው ርዝመት ነው። መያዣውን ለክተው ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

አስተሻሸጉ ላይ አይቸኩሉ፤ በር ላይ «ከታች ይጫን» ቢባሉ እንኳ የሚተርፍ መሆን አለበት። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። የመሣሪያዎቹ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በተወጠረ ክር ስር ያለ ብርኩማ (ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ሲጫነው ደግሞ ይሰነጠቃል። የክራሩን ክሮች ብርኩማው እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ያላሉ፤ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። የማሲንቆውን ብርኩማ ግን አውጥተው በጨርቅ ይጠቅልሉ። ከክራሩ ቀንበር (ክሮቹ የሚታሰሩበት አግድም እንጨት) ስር ፎጣ ይሙሉ፤ የማሲንቆውን ደጋን ለብቻው ይጠቅልሉ። መያዣውን ዘግተው ሲያወዛውዙት ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። ጠንካራ መያዣ ይግዙ፤ የጨርቅ ከረጢት ከአቧራ በቀር ከምንም አያድንም።

ፒንሳ ከያዙ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። መሣሪያዎቹ ቆዳና የፈረስ ጭራ ስላለባቸው ዋሽንግተን ሲደርሱ ለጉምሩክ ያስታውቁ።

ሚኒያፖሊስ በጥር ውርጭ ነው። ቤት ሲገቡ መያዣውን ሳይከፍቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት፤ ክሮቹንም በማግስቱ ቀስ እያሉ ይቃኙ።