"የት ነህ?" አትበይው

ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከደጄ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ አረፈች። እጮኛዋ ወታደር ነው፤ ለሰላም ማስከበር ወደ ሶማሊያ ከሄደ መንፈቅ ሊሞላው ነው። ሦስት ሳምንት ስልኩ ተዘግቶ ሰነበተና በአራተኛው ደውሎ ሁለት ደቂቃ ያህል አናገራት። "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር የት እንዳለም ሆነ መቼ እንደሚመለስ አልነገራትም። "አባባ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ" አለችኝ። "ቀለበት ካሰረላት ሴት ይህን ያህል የሚደበቅ ነገር ምንድን ነው? አያምነኝም ማለት ነው?"

የሰጠኋት መልስ ደረቅ ነበር። "የወታደር ምስጢር ማውጣት በወንጀል ያስቀጣል" ብያት ዝም አልኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ እውነተኛው መልስ ግን ይህ እንዳልሆነ ሳይገባት አልቀረም፣ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። 47 ዓመት ያፈንኩትን ነገር ነው ልጅቷ ሳታውቅ የነካካችው።

በጥር 1970 የ22 ዓመት ወጣት፣ በመገናኛ ክፍል የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማዕረጌ አሥር አለቃ። ድሬዳዋ በነሐሴ ከተከፈተባት ጥቃት ተርፋለች፤ ጅጅጋ ግን በመስከረም በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃለች፤ የባቡሩ ሐዲድ ተቆርጧል፤ ሐረር በጭንቅ ላይ ናት። እኔ ደግሞ ዕድል ሆኖ የተመደብኩት በተወለድኩባት ከተማ በድሬዳዋ ነው። እናቴ በቀፊራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ከካምፑ እስከ ቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

አንድ ረቡዕ ቀን ተጠርተን በማግሥቱ ሐሙስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጥይት፣ መድኃኒትና የሬዲዮ ባትሪ ጭነን ወደ ሐረር እንደምንወጣ ተነገረን። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ በሚኒባስ እየቀለዳችሁ ትጨርሱታላችሁ። ነገር ግን ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎን አቀበት ወጥተው ደጋውን ሲረግጡ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የተጫነ መኪና ያንን ጠመዝማዛ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ጎን ለጎን ሊከተለው ይችላል። እንዲህ ላለ ጉዞ ትልቁ ጋሻ ሰዓቱ አለመታወቁ ነው። ይህን ሻምበላችን ደጋግሞ ነግሮናል። እኔም ሰምቻለሁ።

ማታ የሦስት ሰዓት ፈቃድ አግኝቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ራት አቀረበችና "መቼ ነው የምትሄዱት?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ቆይታ ደገመችው፤ አሁንም አላውቅም አልኩ። በሦስተኛው ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች "ለቁልቢው ገብርኤል ልሳልልህ ነው እኮ፤ ቀኑን ሳላውቅ ምን ብዬ ልሳል?" አለች። እንባዋ መጣ። "ነገ ማታ አራት ሰዓት፣ በሐረር መንገድ። ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። አልናገርም ብላ ማለች፤ ጉርሻውንም አጎረሰችኝ።

መሐላዋን በእሷ ሚዛን አላፈረሰችም። የነገረችው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። የዚያች ሴት ልጅ ከእኛው ጋር ነበር፤ የእሱ እናት ሳታውቅ ቀርታ የእኔ እናት ብቻ እንዴት ታውቅ? ያችኛዋ ደግሞ እኅት ነበራት።

ሐሙስ ማታ ሞተር አስነሥተን የካምፑ በር ሲከፈት ከማዶ ብርሃን አየን። ፋኖስ ነው። 30 የሚሆኑ ሴቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ዳቦ ቆሎ የቋጠረች፣ በሶ የያዘች፣ የጸሎት መጽሐፍ ለልጇ ይዛ የመጣች፣ ዱዓ የምታደርግ። እናቴን ወዲያው ለየኋት፤ ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከፊት ቆማለች። እኔን ባታየኝም በደፈናው ለሁላችንም እጇን ታውለበልብ ነበር።

ሻምበሉ ከመኪናው ወርዶ ፋኖሶቹን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። አልጮኸም። ወደ እኛ ዞሮ "ሞተር አጥፉ" ብቻ አለ። ውስጥ ሰብስቦን "ማን ነው የተናገረ?" ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ጉዞው ለሁለት ቀን ተላለፈ። ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት ወጣንና በሰላም ሐረር ገባን። ከሐረር በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ግን አብሮኝ የሠለጠነ፣ አንድ ክፍል አብረን ያደርን የወሎ ልጅ በሬዲዮ ላይ ነበር። ባትሪ ዓርብ ይደርስሃል ተብሎ ስለነበር የቀረውን ሳይሰስት ተጠቅሞበታል። ባትሪ ሲደክም የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ መስማት ብዙ ኃይል አይፈጅም፣ መናገር ነው የሚበላው። ስለዚህ እኛን ይሰማናል፣ የእሱ ድምፅ ግን እየቀጠነ ሄዶ ከጩኸቱ ጋር ይቀላቀላል። ቅዳሜ ማታ ሐረር ጣቢያው ላይ ተቀምጬ "ከሰማኸኝ ሁለት ጊዜ ተጫን" አልኩት። የመናገሪያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ባትሪው ጎህ ሲቀድ በበቅሎ እንደሚወጣለት በኮድ ነገርኩት። ጠቅ፣ ጠቅ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከምሥራቅ የመድፍ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቁልፉ መጣ። ሁለቴ አይደለም፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ጊዜ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ። እንልቀቅ ወይ እያለ ይሁን፣ መድፍ ተኩሱልን እያለ ይሁን ምንም ልለይ አልቻልኩም። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደርኩለት፤ እሱ ይጫናል፣ እኔ አይገባኝም። ከዚያ ቆመ። ጠዋት በበቅሎ የወጣው የባትሪ ሳጥን ሳይከፈት ተመለሰ።

እነዚያ ሁለት ቀናት ባይባክኑ ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ኮረብታው ባትሪ ኖረም አልኖረ መጠቃቱ አይቀርም ነበር ይሆናል። የሚናገርበት ድምፅ ግን ይኖረው ነበር።

ልጄ፣ ላስረዳሽ የፈለግኩት ይህንን ነው። በዚያ ሌሊት ጠላት ምንም አልሰማ ይሆናል። ፋኖስ የያዙት ሁሉ እናቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም ከዳተኛ አልነበሩም። ሻምበሉ ግን 30 ሴት የሰማችውን ሌላ ማን እንደሰማው ሊያውቅ አይችልም። የወጣ ቃል የት እንደደረሰ ስለማይታወቅ ሁሉም ሰምቶታል ተብሎ ይቆጠራል፤ ዕቅዱ ይጣላል፤ በዚያ ዕቅድ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ደግሞ ኮረብታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ጥያቄው መታመንሽ አይደለም። እናቴን ከማንም በላይ አምናት ነበር። ቃሉን ከቤታችን ያወጣው ፍቅሯ ነው።

እሷም ጥፋት የሠራች አልመሰላትም። በሚያዝያ 1943 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲሄድ በባቡር ወደ ጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ነበር ያለፈው፤ ያኔ ልጅ ሆና ጣቢያው ድረስ ሄዳ እልል ማለቷን ታወራልን ነበር። ወታደር በእልልታ እንደሚሸኝ ነው የምታውቀው። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ከተመለሰች በኋላም ሆነ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ቡና በተፈላ ቁጥር የፋኖሱን ሌሊት ትተርክ ነበር፤ "ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን አልሰደድናቸውም" ትላለች። ያን ወሬ ስትጀምር እኔ ወደ ግቢ እወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ የማጠጣት አንዲት የሎሚ ዛፍ ነበረች፤ ለዛፏ አስቤ አልነበረም።

ስለ ዘመናችሁ አንድ ነገር ልናገር፤ ዝም ማለት የምትችል ልጅ እየጠፋች ነው። ሠርግም ለቅሶም ሳያልቅ በስልክ ይለቀቃል። በጥር 2010 ስትራቫ የሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ቀደም ብሎ ባወጣው ካርታ ላይ፣ ወታደሮች ለስፖርት የሮጡባቸው መስመሮች በጭር በረሃ መሐል አብረው ታይተው የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አጋልጠዋል። ማንም ምስጢር ልናገር ብሎ አልነበረም፤ ሮጡ እንጂ። በዩክሬን ጦርነትም ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ማኪይቭካ ላይ በሮኬት ለተገደሉት 89 ወታደሮች ዋናው ምክንያት ክልከላውን ጥሶ ሞባይል መጠቀም ነው ሲል የራሺያ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ተናግሯል። ይህን ሁሉ እየጠቀስኩ ግን ልቤ ይወቅሰኛል፤ እኔ ስልክም ካርታም ሳይኖረኝ በአንዲት ጉርሻ ነው የተናገርኩት።

ያቺ ልጅ የእጮኛዋን ፎቶ አሳይታኛለች፤ ለልደቱ ለሰው ሁሉ የለቀቀችው ነው። እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን አየሁ። የሱቅ ስም፣ የመኪና ቁጥር፣ በሸራ የተሸፈነ የውኃ ጋን የሚመስል ነገር፣ ከሩቅ አንድ ረጅም የስልክ ምሰሶ። "ብርድ ነው" ማለት እንኳ ከፍታውን ይናገራል፤ "ስንቅ ዘገየ" ማለት መንገዱ መዘጋቱን ይናገራል። እያንዳንዱ ለብቻው ኢምንት ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚለቅም ሰው ሲያገኝ ግን ይገጣጠማል። ፎቶውን አጥፊው አልኳት፤ ቅር እያላት አጠፋችው።

ስትደውሉለት የት ነህ፣ መቼ ትመጣለህ እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ልብ እንደሚረታ ከእኔ በላይ ምስክር የለም። የቤቱን ወሬ ንገሩት፤ ጣራው አፈሰሰ፣ ፍየሏ ወለደች በሉት። ዝምታውን በቁጣ አትተርጉሙት። እናንተ ወታደሮች ደግሞ "ልነግርሽ አልችልም" በሉ እንጂ አትዋሹ፤ ውሸት አንድ ቀን ሲገለጥ እውነቱንም ያበላሸዋል። እንዲህ እላለሁ እንጂ እኔ ራሴ ከዚያ ሌሊት በኋላ ለእናቴ ዋሽቻታለሁ። ግንባር ላይ እያለሁ "መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው" እያልኩ ወራት ሙሉ ጽፌላታለሁ፤ በዚያ ውሸት አንድ ቀን እንኳ ተጸጽቼ አላውቅም። እሷም ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ይህን ጽሑፍ ለማንም ሳልሰጥ በፊት ሳቢያን ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ አነበብኩላት። በዚያ ሌሊት ከፋኖሶቹ አንዱን የያዘችው እሷ ነበረች። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። "እማዬ ይህን ሳትሰማ መሞቷ ደግ ሆነ" አለች። ብዙ ቆይታ ደግሞ "የዚያ ልጅ ስሙ ማን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት።