አበባው ይቆይ፣ ቅጠሉን አሳዩኝ

አንዲት ወጣት በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ያነሳችውን ፎቶግራፍ ልካ «ይህ ሐምራዊ አበባ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ፎቶው ጉም የመሰለ ሐምራዊ ነገር ብቻ ያሳያል፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል የለም። እናንተ ልጆች ሁልጊዜ የምታነሡት የሚያምረውን ነው።

ጥያቄዋ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ። ተማሪ ሳለሁ በዚያው ዳርቻ ናሙና ስሰበስብ መንገድ የሚመሩኝ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጭቃው የእኔን ጫማ ሲውጥ እሳቸው በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። እኔ አጉሊ መነጽሬን ደቅኜ የትንንሾቹን አበቦች ቅጠል እየቆጠርሁ «አምስት» ብዬ ስጽፍ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ከተነጠፈው ቅጠል አንዱን ዳበሱና ጣታቸውን ላሱ። እኔም ላስሁ። ጨው ነው! ተክሉ ከጨዋማው ጭቃ የሳበውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች መልሶ ያወጣዋል፤ ሲደርቅ ነጭ ቅንጣት ሆኖ ይታያል። «ዝናብ ከመታው አታገኘውም» አሉኝ። ቀጥለውም «በብርዱ ወራት ና፤ አበባው ረግፎ አገዳው ብቻ ሲቀር እንዴት እንደሚለይ አሳይሃለሁ» አሉ። የመመረቂያ ጽሑፌ አስቸኩሎኝ ሳልሄድ ቀረሁ። በየትኛውም መጽሐፍ ያላገኘሁት ትምህርት ነበር።

የልጅቱ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ሊሞኒየም ካሮሊኒያነም የሚባለው ይመስለኛል። የዕፅዋት ተመራማሪው ቶማስ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1788 በጽሑፍ ያስተዋወቀው፣ የዚያው ዳርቻ ተወላጅ ነው። የሚያብበው በዚያ አገር ከሞቃቱ ወራት አጋማሽ እስከ ቅጠል መርገፊያው ወቅት ነው። አበባ ሻጮች ጋ የሚገኘው ዘመዱ ሊሞኒየም ሲኑአቱም ግን ከሜዲትራኒያን የመጣ ሲሆን፣ ግንዱ ዳርና ዳር እንደ ክንፍ የተዘረጋ ጠርዝ አለው። የካሮሊኒያነም ግንድ ግን ልሙጥ ነው፤ ቅጠሉም እንደ ቆዳ ጠንከር ያለና ከመሬቱ የማይርቅ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ደግማ ታንሣልኝ።

ስልክ ከፎቶው የተክሉን ስም ለይቶ ቢነግራችሁ አልቃወምም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ አንዳንዴም ይቀድመኛል። አበባውን ግን አትቅጠፉ፤ ሲደርቅ ቀለሙን ስለሚይዝ ለጌጥ የሚለቅመው ብዙ ነው፣ የተቀጠፈው ደግሞ ዘር አይጥልም። እኛ ለናሙና ብለን ስንቀጥፍ እንደኖርን አውቃለሁ። ቢሆንም አትቅጠፉ።