ውሻ በርበሬውን ከሣሩ ይለያል? (ከእንስሳት ሐኪም ጋር በጽሑፍ የተደረገ ጥያቄና መልስ)

ሐኪሙ፦ እንደምን አመሻችሁ። ደብረ ማርቆስ የጥቅምት ብርድ ይዞናል፤ መብራት ግን እስካሁን አለ። እስኪጠፋ ድረስ ስለ ውሻ ዓይንና ስለ ቀለም ጠይቁኝ። የዶሮና የላም ጉዳይ ሌላ ቀን። ሳንጀምር፦ ውሻችሁን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ።

የሞጣው፦ ዶክተር፣ ውሻ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሐኪሙ፦ አይደለም። ሰው ዓይኑ ውስጥ፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ህዋሳት አሉት፤ ኮን ይባላሉ። ውሻ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው 429 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ብርሃን ይይዛል፣ የሰማያዊውን ወገን ማለት ነው። ሌላኛው 555 አካባቢ ያለውን፣ የአረንጓዴና የቢጫውን ወገን። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒትዝ፣ ጋይስትና ጃኮብስ የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ውሾች አሠለጠኑ። ብርሃን ከበራባቸው ሦስት መስኮቶች ቀለሙ የተለየውን የመረጠ ውሻ ምግብ ያገኛል። ሰማያዊውን በቀላሉ ለዩት። 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ መሀል ያለው ቀለም ግን ከነጭ ጋር ተምታታባቸው።

ስለዚህ ሰማያዊ ለውሻ ሰማያዊ ነው፣ ቢጫም ቢጫ። ሐምራዊ ሰማያዊ ይመስለዋል። ብርቱካናማና አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደሉበታል። ቀይ የጠቆረና የደበዘዘ ነገር ይሆንበታል።

ስም የለሹ፦ ስለ ውሻ ንገረን።

ሐኪሙ፦ ምኑን? ጥያቄ ጠይቅ።

የቡሬዋ፦ በርበሬ ሣር ላይ ካሰጣሁ በኋላ ውሻዬ እየረገጠው ያልፋል። ባለጌ ነው ወይስ አይታየውም?

ሐኪሙ፦ ይህ ነው ጥያቄ! ለእኔና ለአንቺ ቀይ በአረንጓዴ ላይ ይጮኻል። ለእሱ ሁለቱም የአንድ ወገን ቀለም ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ ጠቆር ማለቱ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ውሻዬን ቦቢን ይዤ ግቢያችን ውስጥ ሞከርኩት። ሁለት የጀሪካን ክዳን፣ ቀይና ሰማያዊ፣ በሳሙና አጥቤ ሣሩ ላይ ወረወርኩ። ሰማያዊውን ሮጦ ሄዶ አነሳው። በቀዩ ላይ ሁለት ጊዜ ዘሎ አለፈ፤ በሦስተኛው ቆመ፣ አንገቱን ደፋ፣ አፍንጫውን ሣር ውስጥ ሰክቶ እያሸተተ አገኘው። ክዳኑን የሰጠኝ «ምነው ስታደክመኝ» በሚል ፊት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ ዕዳዬን በአጥንት ከፈልኩ። የአንድ ውሻ ሙከራ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሞክሩትና እዩት። ለልጆች ኳስ ስትገዙም ሰማያዊ ግዙ፤ ውሻው አብሯቸው ይጫወታል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ የቡሬ በርበሬ እኮ ሣር ላይ ስለሚሰጣ ነው ቀለሙ የሚደበዝዘው።

የቡሬዋ፦ የእናንተን አይተነዋል! ገበያ ላይ ስትቀላቅሉት!

የፍኖተ ሰላሙ፦ እስቲ አንድ ኪሎ አምጪና ጎን ለጎን እናስጣው።

ሐኪሙ፦ በርበሬውን ለገበያ ቀን አቆዩት።

የቢቸናዋ፦ አደይ አበባስ? ቢጫ ስለሆነ በደንብ ይታየዋል ማለት ነው?

ሐኪሙ፦ ቢጫነቱ ይታየዋል። ግን ሣሩም ወደ ቢጫ ስለሚያደላበት፣ መስከረም ላይ እኛ የምናየው ድምቀት ለእሱ ያን ያህል አይደለም። የኑግ ማሳም እንዲሁ።

የደጀኑ፦ ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያየው ማለት ነው?

ሐኪሙ፦ ከላይ አንብብ። ክትባቱንም አትርሳ።

የዳንግላው፦ በሬስ? ቀይ ሲያይ የሚቆጣው?

ሐኪሙ፦ በሬም ሁለት ዓይነት ኮን ነው ያለው። የሚያስቆጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።

የዳንግላው፦ የአጎቴ በሬ ግን ቀይ ሻርፕ...

ሐኪሙ፦ አጎትህ ነጭ ሻርፕ ያወዛውዙለትና ንገረኝ።

የአዴቱ፦ ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። እንደ ውሻ ነው የሚያየው ልበለው?

ሐኪሙ፦ እንደዚያ ብለህ አትሳደብ፤ ነገሩ ግን ይቀራረባል። ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች መካከል ከ100 8 ያህሉ እንደ እሱ ቀይና አረንጓዴ ይቸግራቸዋል። ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ስለሚመጣ፣ ወንድ ከእናቱ የሚወርሰው አንድ ብቻ ሴት ግን ሁለት ስላላት፣ በሴቶች ላይ ብርቅ ነው። ወንድምህ ግን አጥርቶ በማየት ውሻን ይበልጣል፦ ሰው ከ23 ሜትር ርቀት የሚለየውን ነገር ውሻ ለመለየት እስከ 6 ሜትር ያህል መቅረብ አለበት። ውሻው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ «ፊልም ያያል» የምትሉትም፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደሰው አሮጌው ቴሌቪዥን ለእሱ ሲብለጨለጭ ነው የሚታየው።

የመርጡለ ማርያሙ፦ ሌሊት የሚጮኸው እኛ የማናየውን ስለሚያይ ነው። ዓይኑ እሳት ሲመስል በዓይኔ አይቻለሁ።

የደጀኑ፦ ጅብ አይቶ ነዋ!

የመርጡለ ማርያሙ፦ ጅብና ሌላውን አልለይም እንዴ እኔ?

ሐኪሙ፦ የማይታየውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። የዓይኑ እሳት ግን የአንተው ባትሪ ነው። ከሬቲናው ጀርባ ታፔተም የሚባል መስታወት መሰል ንጣፍ አለው፤ ያመለጠውን ብርሃን መልሶ ወደ ሬቲናው ይልካል፣ የተረፈው ወደ አንተ ይመለሳል። ሰው ይህ ንጣፍ የለውም። በቀለም ያጣውን በጨለማ ክሶታል ማለት ነው።

የእንጅባራዋ፦ ዶክተር፣ ዛሬ ከሰዓት የጎረቤት ውሻ ልጄን እግሩን ነከሰው። ቀይ ሹራብ ስለለበሰ ይሆን?

ሐኪሙ፦ ቀለሙን ተዪው። ቁስሉን አሁኑኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢ። ከዚያ ዛሬ ማታ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። ውሻው ተከትቧል?

የእንጅባራዋ፦ አላውቅም።

የመርጡለ ማርያሙ፦ እኛ ዘንድ ሥር የሚያጠጡ አዋቂ አሉ፤ ብትወስጂው...

ሐኪሙ፦ ተው! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን የለም። ጠበሉም ይሁን፣ ጸሎቱም ይሁን፤ ክትባቱን ግን ማንም አያስዘልልሽ። ሄደሻል?

የእንጅባራዋ፦ አባቱ እያጠበው ነው። ባጃጅ ጠርተናል።

ሐኪሙ፦ ስትመለሱ ጻፉልኝ፤ አልተኛም።

የቲሊሊው፦ ዶክተር፣ ድመትስ ቀለም ታያለች?

ሐኪሙ፦ ነገ።